የናሃኒ ወንዝ ካርታ፦ ሦስት ካርታ፣ ሦስት ወንዝ። የቱን ልመን?

ታንኳው (ኤድመንተን) መጋቢት 12፣ 2017

ሰላም ለቤቱ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም የምል ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

ስራዬ ኮምፒውተር ላይ ካርታ መሳል ነው፤ አብዛኛው የቧንቧና የመንገድ። ሁለት የመስሪያ ቤት ጓደኞቼ በነሐሴ ሳውዝ ናሃኒ በሚባል ወንዝ በታንኳ እንውረድ ብለው ያዙኝ። ዋና ብዙም አልችልም ብላቸው "ላይፍ ጃኬት አለ" አሉኝ። ሲነዘንዙኝ እሺ አልኩ። የካርታውን ጣጣም "ያንተ ሙያ ነው" ብለው እኔ ላይ ጣሉት።

ለማታውቁት፣ ናሃኒ በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ያለ ወንዝ ነው። ከማኬንዚ ተራሮች ተነስቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄድና ሊያርድ ወንዝ ውስጥ ይገባል። አካባቢው መኪና አይገባበትም። ሰው የሚሄደው ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። መሃል ላይ ቨርጂኒያ የሚባል ፏፏቴ አለ፤ ከ90 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ የናያጋራን እጥፍ ገደማ። እኛ ከፏፏቴው ስር ተነስተን፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወርደን፣ ናሃኒ ቢውት የምትባል መንደር መድረስ ነው ሃሳባችን።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ነገር ተዘርግቷል። አንዱ የጓደኛዬ አባት ድሮ የተጠቀሙበት ካርታ ነው፤ ከፍታው በጫማ ተጽፏል። ሁለተኛው ባለፈው ወር ያሳተምኩት መጠኑ አንድ ለሃምሳ ሺህ የሆነ ካርታ ነው፤ ይሄኛው በሜትር ነው። ሦስተኛው የሳተላይት ምስል። ሳደራርባቸው ገደሎቹ ላይ ሁሉም ይገጥማሉ። ታች ላይ ወንዙ ከተራራው ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲበታተን ግን ሦስቱም የየራሳቸውን ወንዝ ነው የሚያሳዩኝ። አንዱ ላይ ያለ ደሴት ሌላው ላይ የለም። ያሳተምኩት ካርታ ቀለሙ ሳይደርቅ ከምስሉ ጋር ተጣላ። የቱን ልመን?

አንድ የሞኝ ጥያቄም አለችኝ። ከፏፏቴው ወደ ታች ስወርድ ካርታው መጀመሪያ "አራተኛ ካንየን" (ገደላማ ሸለቆ ማለት ነው) ይላል። ከዚያ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ "አንደኛ"። ማነው ወደ ኋላ የቆጠረው?


የሸገር ልጅ (አዲስ አበባ) መጋቢት 12

ወንድሜ፣ ዋና ሳትችል ነው ደሴት ጠፋብኝ የምትለው? እኔ ከባህር ዳር ዘጌ በጀልባ ሄጄ ስመለስ መሬት የሳምኩ ሰው ነኝ። ለማንኛውም ጋሼ ቀያሹ ይምጡልህ፤ ለዚህ ዓይነቱ እሳቸው ናቸው።


ሰሜን ኮከብ (የሎውናይፍ) መጋቢት 13

ታንኳው፣ ጥያቄህ የሞኝ አይደለም። የቆጠሩት ከታች የመጡት ናቸው። ወርቅ ፈላጊውም፣ ፀጉር ነጋዴውም፣ አሳሹም ከሊያርድ በኩል ጀልባውን በወንዙ ሽቅብ እየጎተተ ነው የገባው። መጀመሪያ ያገኘውን "አንደኛ" አለው። አሁን ሰው በአውሮፕላን ከላይ በኩል ገብቶ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው ተገልብጦ የሚታየው።

የፏፏቴውንም ስም ልንገርህ። ፌንሊ ሀንተር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1928 ደርሶበት ቁመቱን ለክቶ በልጁ ስም "ቨርጂኒያ" አለው። ልጅቷ እዚህ አልነበረችም። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ዴኔዎቹ ግን ከድሮም ስም ነበራቸው፤ ናይሊቾ ይሉታል፣ ትልቁ የሚወርድ ውሃ እንደማለት። አሁን የፓርኩ ሰሌዳ ላይ ሁለቱም ይጻፋል። አንድ ሰው አንድ ቀን የጻፈው ስም መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

እኔ ነርስ ነኝ፣ የካርታ ሰው አይደለሁም። አንዴ ከፎርት ሲምሰን ለአንድ ቀን ፏፏቴውን ለማየት በርሬ ነበር። ከላይ ስታየው የገረመኝ ውሃው ሳይሆን ወንዙ ነው። ተራራ መሃል ገብቶ እንደ ሜዳ ወንዝ ይጠማዘዛል። አብራሪውን ብጠይቀው "ወንዙ ከተራራው ይበልጣል" አለኝ። በእድሜ ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሲጠማዘዝ ነበር፤ ተራራው ከስሩ ቀስ እያለ ሲነሳ ወንዙ መንገዱን ሳይለቅ እየቆረጠ ወረደ።


ቀያሹ (አዲስ አበባ) መጋቢት 14

ልጄ ታንኳው፣ እንኳን ደህና መጣህ። በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ እድሜዬን ከካርታ ጋር ነው የጨረስኩት። ካናዳን አላየኋትም። ካርታ ግን የትም ቦታ አሠራሩ አንድ ነው።

"ባለፈው ወር ያሳተምኩት" ብለሃል። የታተመበትን ቀን እርሳው። ከካርታው ግርጌ፣ ህዳጉ ላይ፣ በትንሹ የተጻፈውን አንብብ። የአየር ፎቶው መቼ ተነሳ? መረጃው እስከ መቼ ያለውን ያሳያል? የካርታ እድሜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ካለፈበት ቀን ነው። ያንተ ካርታ ወረቀቱ የአንድ ወር፣ ወንዙ ግን የብዙ አሥር ዓመት ሊሆን ይችላል።

ካርታው እንዴት እንደተሠራ ብታውቅ የቱን እንደምታምን ራስህ ትለያለህ። አውሮፕላን በመስመር እየበረረ ፎቶ ያነሳል። አንዱ ፎቶ ከግማሽ በላዩ ከሚቀጥለው ጋር ይደራረባል። ያንኑ መሬት ከሁለት ቦታ ስታየው፣ ልክ ሁለት ዓይን እንዳለህ፣ ጥልቀቱ ይወጣል። እኛ መሣሪያው ላይ ተቀምጠን አንዲት ነጥብ መሬቱ ላይ እናሳርፍና ከፍታዋን ሳንለቅ እንከተላታለን። የሄደችበት መስመር ኮንቱር ነው፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል። ነጥቧ አየር ላይ ከተንሳፈፈች ወይም መሬት ውስጥ ከሰመጠች መስመሩ ውሸት ነው።

እዚህ ላይ ገደል ያስቸግራል። ፀሐይ ጎን ስትሆን አንዱ ግድግዳ ጥላ ይሆናል፣ ስሩ ጥቁር ነው። የዓባይን በረሃ ስንሠራ ስንት ጊዜ ጥላ ውስጥ ተሰቃይተናል። ያንተ ወንዝ ያለበት ሰሜን ደግሞ ፀሐይ በበጋም ከፍ አትልም። ስለዚህ ገደሉ ውስጥ ያለውን መስመር "በግምት" ብለህ ያዘው።

ሜዳው ላይ የገጠመህ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ካርታው አልተሳሳተም፤ ወንዙ ነው ቦታ የቀየረው። ጠጠር የሚያመላልስ ወንዝ በየክረምቱ አልጋውን ይቀይራል። ፎቶው በተነሳበት ቀን የነበረውን ካርታው በታማኝነት ሥሎልሃል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አያውቅም።

በጫማና በሜትር ያልከውን ግን እንዳትንቅ። ሁለቱን ጎን ለጎን እየያዙ 500 ጫማን 500 ሜትር ብሎ ማንበብ ባለሙያም ያደርገዋል። የድሮውን ከቦርሳህ አውጣው።


ታንኳው መጋቢት 14

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ህዳጉን አነበብኩት። እውነትዎን ነው፤ ወንዙ ከኔ ይበልጣል። ያበታተነኝ ቦታ "ስፕሊትስ" ነው የሚባለው፤ ስሙ ራሱ መበታተን ነው። ልብ አላልኩትም።


የዓባይ ልጅ (ባህር ዳር) መጋቢት 15

የጂኦማቲክስ (የመሬት ልኬትና የካርታ) ተማሪ ነኝ። ለምን ራስህን ታስቸግራለህ? የናሳን የመንኮራኩር ራዳር መረጃ አውርደህ የራስህን ኮንቱር አውጣ። ባለ 30 ሜትር ነው፣ በየ30 ሜትሩ አንድ ከፍታ ይሰጥሃል፤ ነፃ ነው። እኛ ለተፋሰስ ጥናት ሁሌ እሱን ነው የምንጠቀመው። ግማሽ ቀን አይፈጅም።


ባለራዳሩ (ሲያትል) መጋቢት 15

ወንድም፣ ሞክረውና ባዶ ታገኘዋለህ። ያ መረጃ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000፣ በ11 ቀን ነው። መንኮራኩሩ በበረረበት ማዕዘን ምክንያት የሸፈነው ከሰሜን 60 ዲግሪ እስከ ደቡብ 56 ዲግሪ ብቻ ነው። ናሃኒ 61 ዲግሪ ላይ ነው። በአንድ ዲግሪ አመለጠው! ኢትዮጵያ መሃል ላይ ስላለች እኛ ይሄ ችግር ታይቶን አያውቅም።

የሰሜን ካርታ ለምን ኋላ እንደቀረም ይሄ ይነግርሃል። ሰው የለም፣ መንገድ የለም፣ በረዶ የሌለበት ጊዜ አጭር ነው፣ ያውም ደመና አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች አላስካንና የካናዳን ሰሜን በሦስት ካሜራ ነበር የሚያነሱት። አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ እስከ አድማስ። በአንድ በረራ ሰፊ አገር ለመያዝ። ለአብራሪ ይበቃል፣ ለእግረኛ አይበቃም። ካናዳ አገሯን በሙሉ በአንድ ለሃምሳ ሺህ ሸፍና የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከ13 ሺህ በላይ ሉህ። የመጨረሻዎቹ የሰሜኑ ናቸው፣ በሳተላይት ምስል የተሠሩ።

የኛ አላስካማ ብሶ ነበር። "የማርስ ካርታ ከአላስካ ይሻላል" ይባል ነበር፣ ቀልድ አልነበረም። በኋላ በአውሮፕላን ራዳር አስነሱት። ራዳርም ተአምር እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴናሊን ተራራ ከሚታወቀው 83 ጫማ አሳጥሮት ሰው ሁሉ ተንጫጫ። በ2015 ቀያሾች ጂፒኤስ ተሸክመው ጫፉ ላይ ወጡ። 20,310 ጫማ ሆነ። ካሮጌው ቁጥር የቀነሰው 10 ጫማ ብቻ ነው። ጋሼ ቀያሹ ይሄን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።

ታንኳው፣ ለአንተ የሚሆንህ አርክቲክ ዲኢኤም የሚባለው የከፍታ መረጃ ነው። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዋልታ ማዕከል በሳተላይት ጥንድ ምስሎች ያወጣው፣ ባለ 2 ሜትር፣ ነፃ። ከ60 ዲግሪ በላይ ያለውን ይሸፍናል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል። የሚለካው ከላይ የሚታየውን ነው፤ ጥድ ካለ የጥዱን ጫፍ። ከፍታውም ከባህር ወለል ሳይሆን ከሒሳባዊው የምድር ቅርጽ ነው። ካርታህ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ስታስተያየው አትደንግጥ።


የዓባይ ልጅ መጋቢት 15

እሺ፣ ተምሬያለሁ። ባዶ ነው። 😅


ቀያሹ መጋቢት 16

ባለራዳሩ፣ አዎ ደስ ብሎኛል። መውጣትን የሚተካ የለም።


ፈጣን (ዱባይ) መጋቢት 17

ይቅርታ ግን ምን አስጨነቃችሁ? ስልክ ላይ አፕ አለ። ካርታውን ታወርዳለህ፣ ሰማያዊ ነጥብ ያለህበትን ያሳይሃል። ወረቀት፣ ህዳግ፣ ምናምን... በዚህ ዘመን?


ሰሜን ኮከብ መጋቢት 17

እዚያ ኔትወርክ የለም። ስልኩ ውሃ ውስጥ የወደቀ ቀንስ?


ባለራዳሩ መጋቢት 17

ከዚያ በላይ ደግሞ አፑ ካርታውን ከየት አመጣው? ካናዳ የካርታ መረጃዋን እ.ኤ.አ. በ2007 ለሁሉም በነፃ ከፈተችው። አብዛኛው አፕ ያንኑ አውርዶ ቀለም ቀብቶ ነው የሚሰጥህ። ያንኑ አሮጌ ወንዝ። ልዩነቱ ህዳጉ መቆረጡ ነው። ወረቀቱ "ፎቶዬ የዚህ ዓመት ነው" ብሎ ይናዘዛል። አፑ ዝም ይላል። ከዚያ ሰማያዊ ነጥብህ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ታየዋለህ፣ አንተ ውሃ ላይ ነህ።


ፈጣን መጋቢት 17

እሺ እሺ። ሁለታችሁም ጠዋት ቡና አልጠጣችሁም መሰለኝ።


ኮረብታው (ቤር ሸቫ) መጋቢት 19

ሰላም። እኔ ካርታ ማንበብ የተማርኩት እዚህ እስራኤል ወታደር ሆኜ ነው። መንገዱን በቃል አጥንተህ ካርታውን ቦርሳ ከተህ በሌሊት ትሄዳለህ። በረሃ ነው፣ ወንዙም ደረቅ ነው፤ ግን አንዷ ዘዴ ላንተም ትጠቅማለች።

የወንዙን መስመር በእርሳስ ተከተል። ኮንቱር ወንዙን በቆረጠ ቁጥር ምልክት አድርግ። ከምልክት እስከ ምልክት ያለውን ርቀት ለካ፤ አንድ ለሃምሳ ሺህ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። ኮንቱሩ በየ20 ሜትሩ ከሆነና ሁለት ምልክት መሃል 10 ኪሎ ሜትር ካለ፣ ውሃው በኪሎ ሜትር 2 ሜትር ይወርዳል። ምልክቶቹ ሲቀራረቡ እዚያ ጋ ነቅተህ ጠብቅ። ወንዙን ሳታየው ጠባዩን ታውቀዋለህ።

ግን ተጠንቀቅ። ሒሳቡ አማካይ ነው የሚሰጥህ። 15 ሜትር የሚዘል ውሃ በሁለት መስመር መሃል ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። ኮንቱሩ አይነካውማ። ሠሪው ፎቶው ላይ ነጭ አረፋ አይቶ ምልክት ካላደረገበት ካርታው ላይ የለም።


ታንኳው መጋቢት 20

ኮረብታው፣ ትናንት ማታ እስከ ስምንት ሰዓት ይሄንኑ ስሠራ አደርኩ ማለት ይቻላል። ሚስቴ "ከወንዝ ጋር ነው ያገባሁት?" አለችኝ። ፏፏቴው ጋ ምልክቶቹ እርስ በእርስ ይደራረባሉ። ከዚያ በታች ይረጋጋል። የሚያስፈራው አንድ ጠባብ ቦታ "ስምንት ቁጥር" የሚሉት ነው፤ የገሃነም በርም ይሉታል። ኮንቱሩ ግን ምንም አይልም! ወንዙ ግድግዳ ላይ ተላትሞ ስለሚዞር ነው እንጂ በቁልቁለቱ አይደለም። ኮንቱር የማይናገረው ነገርም እንዳለ ገባኝ።


የሸገር ልጅ መጋቢት 20

የገሃነም በር፣ ቅድም ያየሁት ደግሞ "የሙታን ሸለቆ"። እነዚህ ሰዎች ስም ሲያወጡ ምን ነክቷቸው ነው?


ሰሜን ኮከብ መጋቢት 21

ማክሎድ የሚባሉ ወንድማማቾች ወርቅ ፍለጋ ገብተው ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ1908 አፅማቸው ተገኘ፣ ጭንቅላታቸው የለም ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ስም ከሞት ጋር ነው። ጭንቅላት አልባ የሚባል ጅረትም አለ። ዴኔዎቹ ግን ለብዙ ሺህ ዓመት ኖረውበታል። ለነሱ ቤት ነው። ካርታው ላይ የሠፈረው የእንግዳው ፍርሃት ነው።


ቀያሹ መጋቢት 22

ስለ ስም ከተነሳ አንዲት ነገር ልጨምር። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1971 የኛን አገር ሲለኩና ፎቶ ሲያነሱ ቆይተው ሄዱ። እኔ የገባሁት ከነሱ በኋላ ነው። ፎቶ ስም አይነግርህም። ስለዚህ በበቅሎ መንደር ለመንደር እየዞርን ስም እንለቅማለን። አንዱ ወንዝ እዚህ መንደር አንድ ስም አለው፣ ሁለት ሰዓት ወርደህ ሌላ ስም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ካርታው ላይ የሚገባው ግን አንድ ነው፤ ቦታ የለማ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ "የኛን ስም ነው የጻፍከው ወይስ የነዚያን?" አሉኝ። የነዚያን ነበር የጻፍኩት። አልዋሸኋቸውም። ቡና ሳልጠጣ ነው የሄድኩት።


ባለራዳሩ መጋቢት 22

ጋሼ 😂 ይሄ ታሪክ ለብቻው ክር ይገባዋል።

በነገራችን ላይ ታውቃላችሁ? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ናሃኒ አንዱ ነበር። ሰሜን ተራሮችና ላሊበላም እዚያው ዝርዝር ላይ ናቸው።


የሸገር ልጅ መጋቢት 22

1978 በኛ ነው በፈረንጅ?


ባለራዳሩ መጋቢት 22

"እ.ኤ.አ." ብዬ ጻፍኩ እኮ አንተ ልጅ!


ቀያሹ ሐምሌ 20፣ 2017

ልጄ ታንኳው፣ መሄጃህ ደርሷል። አንድ ነገር ሳልነግርህ ቀርቻለሁ። ኮምፓስ ከያዝክ አሮጌው ካርታ ላይ ያለውን የዝንፈት ቁጥር (የኮምፓሱ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን የሚለይበትን) አትጠቀም። የመግነጢሱ ዋልታ ከካናዳ ደሴቶች ለቆ ወደ ሳይቤሪያ እየሄደ ነው። ያንተ አካባቢ ከአሮጌው ቁጥር ከ10 ዲግሪ በላይ ተቀይሯል። የዘንድሮውን ፈልገህ በእርሳስ እዚያው ላይ ጻፍ። በሰላም ግባ።


ታንኳው መስከረም 9፣ 2018

ሰላም ለቤቱ፣ እንኳን አደረሳችሁ። በሕይወት አለሁ። ታንኳዋም አልተገለበጠችም (አንዴ ግማሽ ተገልብጣለች፣ አይቆጠርም)።

ገደሎቹ ውስጥ ካርታው አልዋሸኝም። እያንዳንዱ መታጠፊያ በቦታው ነበር። ግድግዳው በአንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይቆማል። ጂፒኤሱ ሰማይ እየጠበበው ሲዋዥቅ መታጠፊያ እየቆጠርን ነው ያለንበትን ያወቅነው። ስምንት ቁጥር ጋ ወርደን በእግራችን አየነው። ከዚያ ታንኳውን ተሸክመን አለፍነው። አላፍርም።

ስፕሊትስ ደረስን። ካርታውን ዘረጋሁት። ሰፊ ሰማያዊ መስመር ያለበት ቦታ ላይ ቁጥቋጦ በቅሏል፤ የሰው ቁመት ያለው። ካርታው ደረቅ ያለው ላይ ደግሞ ውሃው ይሮጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታውን አጥፌ ቁጭ አልኩ። ከፊት የተቀመጠው ጓደኛዬ "የቱ ጋ?" ሲለኝ "ብዙ ውሃ ወዳለበት" አልኩት። ሁለቴ ጠጠር ላይ ቆመን ጎተትን። የቀረው ሄደ።

ማታ ድንኳን ውስጥ የሄድንበትን ቦይ ካርታው ላይ በእርሳስ ሳልኩት። ጋሼ እንዳስተማሩኝ አጠገቡ ቀኑን ጻፍኩ፤ ነሐሴ 14 ቀን 2017። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ አየውና ደነገጠ። "ከስምንት ዓመት በፊት መጥተህ ነበር እንዴ?" አለኝ። ዋና አልችልም እያለ ሳይነግረን ቀድሞ መጥቶ ነበር ብሎ ነው መሰለኝ።


የሸገር ልጅ መስከረም 9

ያልኩት ይሄንን ነበር እኮ! እ.ኤ.አ. ጻፍ!